ለዓሣውስ አዋጅ ወጥቶለታል

የጣና ቀረሶ ከባሕር ዳር ሰው የተሻለ ጠበቃ አለው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቶለታል፤ ማን በምን መሣሪያ እንደሚያጠምደው ሳይቀር ሕግ አለ። (ቀጭኑ የላስቲክ መረብ ዛሬም ሐይቁ ውስጥ ይጣላል፤ እሱ ሌላ ወግ ነው።)

የጡረታ ገንዘብ አጥማጁ ግን መረብ አያሻውም። ሐይቁ ዳር ጭማቂ ቤት ገብቶ ወንበር ይስባል፤ ስልኩን አውጥቶ፣ «እማማ፣ ይቺን ቁጥር ይዩዋትማ! ትናንት ስንት ነበረች?» ይላል። ቁጥሯ አድራ ወፍራለች። እማማም የእቁባቸውን ዕጣ ያስረክባሉ። እቁቡ እንኳ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ ለደረሰው ዋስ ያስጠራል። የስልኩ ቢዝነስ የሚጠይቀው «ሁለት ሰው ያምጡ» ብቻ ነው። ምን እንደሚሸጥ መጠየቅ ምቀኝነት ነው።

ሕግ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን ከልክሏል፤ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ደግሞ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን አቋቁሟል። ያም ሆኖ «ፊያስ 777» የተባለ የስልክ ቢዝነስ መጣ፣ ከስልክ ስልክ ዞረ፣ የስንቱ ብር እዚያው ቀረ። ማስጠንቀቂያ የምትባለው ነገር ጨዋ ናት፤ ሁልጊዜ ለቅሶ ላይ አትጠፋም።

እንግዲህ እማማ፣ የሚቀጥለው ልጅ ወንበር ሲስብ፣ ስሙ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ከሰጣቸው መካከል መኖሩን እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ማሳየት ካቃተው የጭማቂውን ሒሳብ እሱ ይክፈል።