የጠፋው ወይፈን

በገጠር ያለ ጉዳይ መንገድ የሚወጣ ሰው የለም። ገበያ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ጠበል፣ ፍርድ ቤት፤ ከነዚህ አንዱን ያልያዘ መንገደኛ ወይ እብድ ነው ወይ ሰላይ። «አገር ለማየት ነው» የሚለው መልስ ባሕር ዳር ላይ ያስከብራል። ጋይንት ላይ ግን ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፤ «አገሩ የት ይሄድብሃል?» ይሉሃል።

እኔ ደግሞ የወጣሁት በእርግጥም አገር ለማየት ነበር፤ ያውም በብስክሌት፣ ያውም በትውልድ አገሬ። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት የነዳ ሁሉ ጀግና ነኝ ይላል። እኔም ነኝ ብዬ ብስክሌቴን አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኜ፣ በወረታና በደብረ ታቦር፣ ከዚያም በጉና ግርጌ አድርጌ ንፋስ መውጫ ወረድኩ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። አገሩ ሁሉ ከሱ የተንሸራተተ ስለሆነ፣ በጋይንት ሜዳ የሚባለው ዳገቱ ለጥቂት ጊዜ ትንፋሽ የሚሰበስብበት ቦታ ነው።

ከወረታ ወልድያ የሚዘልቀውን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናዎች ናቸው። ይህን ያነሣሁት ለታሪክ ብዬ አይደለም። የራስ ቁሬን ደፍቼ፣ ጥቁር መነጽሬን ሰክቼ ብቅ ስል እረኞቹ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ግር ብለው ወረዱብኝ። ቆሜ መነጽሬን አወለቅሁና፣ «ኧረ የጋይንት ልጅ ነኝ፣ የእናንተው!» አልኳቸው። ትንሹ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ጮኸ፦ «አማርኛ የሚችል ቻይና ነው!»

ዋናውን መንገድ ትቼ ወደ ጋይንቱ ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ስታጠፍ ደግሞ ሌላ ችግር ገጠመኝ፤ ሰላምታ። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርዳል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይወርዳል፤ ለቅሶ ሲያልፍ ይወርዳል። ለብስክሌት የተደነገገ ሥርዓት ስለሌለ የበቅሎውን ወሰድኩ። ወርደህ ደግሞ «ደኅና ዋሉ» ብለህ መሄድ የለም። ቤቱ፣ ልጁ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ አዝመራው በየተራው ይጠየቃል፤ በየመካከሉ እግዚአብሔር ይመሰገናል፤ ከዚያ ያኛው ወገን በተራው ከቤቱ ይጀምራል። ብስክሌተኛው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ፈረንሳዮቹ ዳር ቆመው ያጨበጭባሉ እንጂ ስለ ከብቱ አይጠይቁም።

አንድ ጋቢያቸውን የደረቡ ሽማግሌ ዘንጋቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ። ወረድኩ። ከብቱም ዝናቡም ካለቀ በኋላ፦

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ወደ ቤተ ልሔም፣ አባባ።»

«በምን ጉዳይ?»

«እንዲያው ዘወር ዘወር ልበል ብዬ ነው።»

ፊታቸው በሐዘን ተለወጠ። ዘወር ዘወር የሚል ሰው የሚፈልገው ነገር አለዋ! «ምን ጠፋብህ?»

«ኧረ ምንም አልጠፋብኝም።»

«በሬ ነው?»

«የለም አባባ…»

«ወይፈን ነው» አሉ ለራሳቸው። መካዴን እንደ ጨዋነት ቆጠሩልኝ፤ መከራውን አደባባይ የማያወጣ ሰው! «አይዞህ፤ ከብት አይሰወርም።»

ከዚያ ወዲያ ዜናው ቀደመኝ። በምን እንደቀደመኝ ግልጽ ነው፤ ሞባይል አለ፤ ሞባይሉ ኔትወርክ ቢያጣ ከጉብታ ጉብታ የሚጣራ እረኛ አለ። ምንጭ ዳር እንስራ የሚሞሉ ሴቶች «ወይፈኑ ቀይ ነው አሉ?» አሉኝ። ቀጥሎ ያለው መንደር ስደርስ ቀንዱ ወደ ግራ የተጣመመ ሆኗል። አንዲት እናት «በዚህ ፀሐይ ስትንከራተት!» ብለው በጣሳ የገብስ ጠላ አመጡልኝ። ከላይ የሰፈፈውን ጌሾ በአውራ ጣታቸው ጠረግ አድርገው፣ ቀምሰው ሰጡኝ፤ በሌላው እጄ እፍኝ ቆሎ አፈሰሱልኝ። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቆሎው ገባበት።

ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያነገተና የውሻ መከላከያ ዱላ የያዘ ተማሪ ያገኘኝ እዚህ ላይ ነው። ቁራሽ ለምኖ ሲመለስ ነበርና አብረን ወረድን። ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ በየአገሩ ይማሩታል፤ ምስክሩ ግን ቤተ ልሔም ነው። እዚያ ሳይመሰክሩ የድጓ መምህር ነኝ ማለት ያሳፍራል። ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ደግሞ እዚያው ጋይንት ውስጥ ዙር አምባ ይሄዳል። ልጁ የዜማውን ምልክቶች ሲያጠና የከረመ ነውና መንገዱን እንደ ብራና ያነበው ጀመር። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ጨብጬ ስንሸራተት ከኋላዬ እየሮጠ «ሂደት!» ይላል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ «ድፋት!» ጠጠሩ መሪውንም ጥርሴንም ሲያንቀጠቅጠው ደግሞ በደስታ «ርክርክ! ርክርክ!» አለ። ጥቂት እንደሄድን ካቴናው ተበጠሰ።

«ቁርጥ» አለ በሐዘኔታ።

ለጥገና ወደ ንፋስ መውጫ መመለስ ነው፤ ስለዚህ መግፋት ጀመርኩ። ወንዙ ጋ ስንደርስ በትከሻዬ አነሣሁት። በበቅሎ ይሻገሩ የነበሩ ሰውዬ ልጓሙን ያዝ አድርገው፣ «ጌታው፣ ገብስ ይበላል?» አሉኝ።

«አይበላም።»

«ይወልዳል?»

«አይወልድም።»

«በቅሎም አትወልድ» አሉ በፍትሕ። «ግን ሰው ትሸከማለች።»

ቤተ ልሔምን ለማየት ከሩቅ የመጣ ሰው እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ጸሐፊው ቶማስ ፓከናም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በበቅሎ መጥቶ፣ ከውጭ ሲያዩት እንደ ሌላው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ከሆነው የሣር ክዳን ሥር ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ ተሸሽጎ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፉም ለዓለም አወራው። አገሬው በየቀኑ የሚሳለመውን «አገኘሁት» ማለቱን ለጊዜው እንተወው። ያስቀናኝ ሌላ ነው፤ ሰውየው የጠፋበት ነገር ነበረው። ነገሥታቱ ልጆቻቸውን ያስሩባቸው የነበሩትን አምባዎች፣ እነ ወህኒን ይፈልግ ነበር። «ምን ጠፋብህ?» ሲሉት የሚመልሰው ነበረው።

እኔ ግን ብስክሌቴን እየገፋሁ ደጁ ስደርስ፣ ከዋርካው ሥር ሰው ተሰብስቦ ጠበቀኝ። መካከል ላይ አንድ ጎልማሳ ቆሟል፤ በእጁ ገመድ፣ በገመዱ ጫፍ ቀይ ወይፈን። ቀንዱ በእርግጥም ወደ ግራ ዘንበል ብሏል።

«ከትናንት ጀምሮ ከከብቶቼ ጋር ተቀላቅሎ ነው» አለ። ጨዋ ሰው ነው፤ ያለ ምስክር ግን አያስረክብም። «የራስህ ከሆነ ምልክቱን ተናገር።»

ሰው ሁሉ ዝም ብሎ አፍ አፌን ያያል። ተማሪው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «ርክርክ በላቸው» አለኝ።