ታቦት የሌለበት ከተራ

ካርቱም ሁለት፣ ጥር 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፤ ባሕር ዳር

ብርዱ ገብቷል፤ ብርድ ስልሽ የካርቱሙን ነው። ቀን 30 ዲግሪ ውሎ ሌሊት ወደ 16 ሲወርድ ሱዳኖቹ ካፖርት ይደርባሉ፣ ጆሯቸውንም በሻርፕ ይጠቀልላሉ። በስልክ የጀመርኩልሽ የጎረቤቶቼ ወሬ ካርዱ አልቆ መሐል ላይ ስለተቋረጠ፣ ይኸው ሙሉውን በደብዳቤ።

ያን ጎንደሬ የአምጃድ ሾፌርና ሚስቱን ታውቂያቸዋለሽ። አምጃድ እዚህ ለታክሲነት የምታገለግል ትንሽ ቫን ናት። ሚስትየዋ ለካርቱም ሁለት የሐበሻ ምግብ ቤቶች እንጀራ ታቀርባለች፤ ልጆቻቸው ሦስት ናቸው። አንድ ቀን ባልየው ኦምዱርማን፣ ሱቅ ሊቢያ ጎማ ሊገዛ ሄዶ ሰማያዊ የናይሎን ድንኳን ተሸክሞ ተመለሰ። ከረጢቱ ላይ «ለ4 ሰው» ይላል። «እኛ አምስት ነን» ቢለው፣ ሻጩ «አራት ያለው እኮ ፈረንጅ ቆጥሮ ነው፤ ሐበሻ ከሆነ ሰባት ይይዛል» ብሎ አሳመነው። ጎማው እስከ ዛሬ አልተገዛም።

ሚስትየዋ ድንኳኑን አየችና «ድንኳን የሚጣለው ለሰርግ ነው፣ አለዚያም ለለቅሶ። ማን አገባ? ማን ሞተ?» አለች።

ባልየው መልሱን መንገድ ላይ አዘጋጅቶ ኖሯል። ወሩ ጥር ነውና ከተራን አነሣ፤ እኛ ታቦት አጅበን ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለን ስናድር የኖርን ሕዝብ ነን፣ ፈረንጅ ካምፒንግ የሚለውን ነገር ያመጣው ትናንት ነው አለ። በዚህ አልበቃውም፤ እቴጌ ጣይቱን ጠራ። እቴጌይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ እየወረዱ፣ ሜዳውን ወድደው ድንኳን አስተከሉ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። «እንግዲህ ዋና ከተማችን እንኳ ውሃ ዳር ከተተከለ ድንኳን የበቀለች ናት!»

እሷ ከምጣዱ ቀና ሳትል መለሰችለት፤ «ከተራው ታቦት አለው። ጣይቱም ድንኳን ተካይ፣ ጠጅ ጣይ፣ ወጥ ሠሪ ነበራቸው። አንተ ያለሁህ እኔ ብቻ ነኝ።»

አከራያቸው ሐጃም ነገሩ አልገባቸውም። ከቤት ውጭ ማደር እዚህ የሙቀት ጉዳይ እንጂ ጀብዱ አይደለም። ሙቀቱ ሲበረታ ስንቱ የካርቱም ሰው አንገረቡን፣ ያን በገመድ የተጠለፈ የእንጨት አልጋ፣ ግቢ አውጥቶ ሰማይ ሥር ይተኛል። ሐጃን የቸገራቸው፣ ውጭ ድረስ ከተሄደ በኋላ ናይሎን ውስጥ መታፈኑ ነው። ጣሪያው ያፈሳል ብለው ኪራይ ሊያስቀንሱ መስሏቸው ሁለት ጊዜ ወጥተው ጣሪያውን ፈትሸዋል።

የሆነው ሆኖ ልጆቹ ድንኳኑን ካዩ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አልተቻለም፤ ክርክሩ ወደ ቦታ ምርጫ ዞረ። የባልየው መመዘኛ እይታ ብቻ ነበር። የሚስትየዋ ሦስት ነው፦ ሽንት ቤት፣ ከሰል የሚገዛበት ቦታ፣ ሌሊት ልጅ ቢታመም የሚያወጣ መንገድ። ትልቋ ልጅ ኢንተርኔት የሚይዝበትን ትፈልጋለች። ሁለቱ ትንንሾች አዞ።

መጀመሪያ የታሰበው መግረን ነበር። ከእናንተ ዘንድ ተነሥቶ፣ ጉባን፣ ሮዜሬስንና ሴናርን አልፎ የሚመጣው ጥቁር አባይ ከነጭ አባይ የሚገናኝበት ቦታ ማለት ነው። ውሃው ቀለሙን ይዞ ጎን ለጎን ሲሄድ ማየት ደስ ይላል፤ ግን በአንድ በኩል ድልድይ፣ በሌላ በኩል የመዝናኛ መናፈሻ፣ ወረድ ሲል ሊቢያ ያሠራችውና የከተማው ሰው የጋዳፊ እንቁላል የሚለው ሆቴል አለ። እዚያ ድንኳን መትከል መስቀል አደባባይ ላይ ፍራሽ አንጥፎ እንደመተኛት ነው።

ከዚያ በነጭ አባይ ዳር ያለው የሱኑት ጫካ መጣ። ጥላ አለው፤ ካርቱም ውስጥ ደግሞ ጥላ ማለት ሀብት ነው። የግራር ዓይነት ዛፎች የበዙበት ጥብቅ ደን ስለሆነ፣ በዚህ ወር ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ወፎች ሞልተውበታል። ወንዙ ሲሞላ ግን ጫካው ለወራት ውሃ ውስጥ ይቆማል። አሁን ጎርፉ ሸሽቷል፤ ሚስትየዋ መሬቱን በእግሯ እየዳሰሰች ሄደችና ከነጠላ ጫማዋ ሥር አንድ ጣት የሚያህል እሾህ ነቅላ ለባሏ አሳየችው። በአየር የሚነፋ ፍራሽ ገዝቶ ነበር። የሱኑት ነገር በዚያው አበቃ።

እኔን ብትጠይቂኝ የምመርጠው በናይል ጎዳና ያለውን የጥቁር አባይ የጀልባ ክለብ ነበር። ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን አፍሪካን በመኪና የሚያቋርጡ ፈረንጆች ለዓመታት ድንኳናቸውን የተከሉት እዚያ ነው። ግቢው ውስጥ ሜሊክ የምትባል የጦር ጀልባ አለች። እንግሊዝ አገር፣ ቺዚክ እ.ኤ.አ. በ1896 ተሠርታ፣ ተፈታትታ መጥታ፣ ሱዳን ውስጥ ተገጣጥማ፣ በሴፕቴምበር 1898 በኦምዱርማን ጦርነት የድርቡሾቹን መሪ የኸሊፋውን ሠራዊት በመድፍ የደበደበች ናት። ቦታውን ሊያዩ በሄዱ ጊዜ፣ ያው ሠራዊት ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ መተማ ላይ አፄ ዮሐንስን ያሳጣን መሆኑን ባልየው ለልጆቹ ሲነግራቸው፣ ትንሹ ልጅ ለጀልባዋ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጣት፤ ያስገነባቻት እንግሊዝ ለእኛ ብላ እንዳላደረገችው ማን ያስረዳው! እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ የክለቡ ቤት ሆና ስታገለግል ኖራ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ የመጣ ጎርፍ አንሥቶ የብስ ላይ አስቀመጣት። ወንዝ ዳር ድንኳን ለመትከል ለሚያስብ ሰው ከዚህ የሚበልጥ አስተማሪ አላውቅም፤ ወንዙ እስከ የት እንደሚመጣ ባለ ብዙ ቶን ብረት ቁጭ ብሎ ይመሰክራል። ባልየው ግን የመኪና ድምፅ ሰማና «ይኼማ መናኸሪያ ነው» አለ። ቀኑን ሙሉ ጥሩንባ ሲነፋ የሚውል ሰው ነው ይህን የሚለው።

ጀበል አውሊያን አላራዘሙትም። ከከተማው ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የተጠናቀቀው ግድብ ነጭ አባይን አስተኝቶ በዚህ ወር ሐይቅ አድርጎታል። ዓሣ ጥብሱ የታወቀ ነው። ሆኖም ልጆች ዳር ዳሩን መንቦጫረቃቸው አይቀርም፤ ቀንድ አውጣ በሚራባበት የረጋ ውሃ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ። ይህን ያለችው ትልቋ ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት ተምራው። አባቷ ባስተማረበት ገንዘብ በዚያች ቀን ተጸጸተ።

ሰበሎቃ ሁሉንም አስማምቶ ነበር። ካርቱምን ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀሽ፣ አባይ በጥቁር አለት መሐል ተጣብቦ ስድስተኛውን ፏፏቴ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ፏፏቴ ሲሉሽ ጢስ አባይ አይምሰልሽ፤ ውሃው በድንጋዮች መካከል እየተናደደ ያልፋል እንጂ አይወድቅም። አርብ አርብ የካርቱም ቤተሰብ በግና ድስት ጭኖ ይሄዳል፣ ጀልባ ይከራያል፣ ማታ ይመለሳል። ችግሩ ይኸው «ማታ ይመለሳል» የሚለው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ድንኳን ውስጥ የሚያድር ቤተሰብ፣ ያውም በዚያ ጎማ፣ ያን ያህል መንገድ ምን ያስኬደዋል? ሚስትየዋ ጎማ የሚለውን ቃል ስታነሣ ባልየው ቱቲ ደሴትን አነሣ።

ቱቲ ጥሩ መካከለኛ ነው። ጥቁር አባይ ነጩን ከመቀላቀሉ በፊት የሚያቅፋት፣ ስፋቷ ስምንት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የገበሬዎች ደሴት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ድልድይ እስኪሠራላት ድረስ ሰው የሚሻገረው በጀልባ ነበር። ከቤታቸው ቅርብ ናት፤ ሽንት ቤት የሚያውስ ሰው አለ፤ ከሰልም አለ። የሚስትየዋ ሥጋት ድልድዩ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ሰልፍ በተጠራ ቁጥር የካርቱም ድልድዮች በኮንቴይነር ሲዘጉ አይታለች። ስለዚህ ሰልፍ ያልተጠራበት ሐሙስ ማታ ተመረጠ።

ባልየው በበኩሉ አዲስ ክርክር አገኘ። ቱቲን የሠራው ጎርፍ የሚያመጣው ደለል ነው፤ ደለሉ ደግሞ የጎጃምና የወሎ አፈር ነው፤ በአባይ ዳር ጡብ የሚተኩሱትም በዚሁ አፈር ነው። «ስለዚህ የምናድረው በገዛ መሬታችን ላይ ነው፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ እንኳ አያስፈልገንም» እያለ ድልድዩን ተሻገረ። ፖሊስ ሲያይ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

ደሴቷ ላይ ያገኙት የመጀመሪያው ቦታ ወንዙ አጠገብ ያለ፣ ለስላሳና ድንጋይ የሌለበት ሜዳ ነበር። ድንኳኑን ዘርግተው ሲጨርሱ አንድ ልጅ ሮጦ መጥቶ፣ የቆሙት በባቄላ ማሳ ላይ መሆኑን ነገራቸው። ጎርፉ ሲሸሽ የሚተወውን እርጥብ ዳርቻ ገበሬው ወዲያው ይዘራበታል፤ ጀርፍ ይሉታል። በጥር ወር ወንዝ ዳር ምቹ ሆኖ የተገኘ መሬት ሁሉ ባለቤት አለው። ወደ ላይ ወጡ፤ አሸዋ ሆነ። ካስማው በአሸዋ አልይዝ አለ። ሚስትየዋ የእንጀራ ዱቄት ከረጢቶቿን በአሸዋ ሞልታ፣ ገመዱን አስራባቸው ቀበረቻቸው፤ የሰሜኑ ነፋስ እንዳይገባም የድንኳኑን በር ወደ ደቡብ አዞረችው። ባልየው በዚህ ጊዜ ፎቶ ያነሣ ነበር።

ከመሸ በኋላ ፋኖስ አበሩ። እንግዲህ ኒሚቲ የሚሉት ነገር አለ፤ ከወንዙ የሚነሣ፣ ከትንኝ የሚያንስ፣ የማይናከስ አረንጓዴ ነፍሳት ነው። የሚበዛው ልክ አየሩ ደስ በሚልበት በዚህ ወቅት ሲሆን፣ ብርሃን ካየ በደመና ይመጣል፤ አንዳንዱን ሰው አስም ያስነሣበታል። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ፋኖስ ሁሉንም ጠራቸው። ቤተሰቡ እየሳለ፣ እያነጠሰ ውጭ ወጣ። ፋኖሱ ጠፋ፤ ሁሉም ነጠላና ጋቢ እስከ ዓይኑ ድረስ ተከናንቦ፣ ዓይኑ እንባ እያረገዘ፣ አፉን ገጥሞ ድንኳኑ በር ላይ ተደረደረ።

በዚህ መሐል ሦስት የደሴቷ ሽማግሌዎች በመንገዱ ሲያልፉ አዩዋቸው። ቆሙ። ጫማቸውን አወለቁ፣ መዳፎቻቸውን ዘረጉ፣ «አል-ፋቲሃ» አሉ።

ሱዳን ለቅሶ የሚደረሰው እንዲህ ነው። ባልየው ክው አለ፤ ሆኖም የጎንደር ልጅ ነውና የመጣን እንግዳ አላሳፍርም ብሎ ብድግ አለ፣ መዳፉን ዘረጋ፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሽማግሌው እጁን ይዘው ሟቹ ማን እንደሆነ ሲጠይቁት መልስ አጣ። ሚስትየዋ በነጠላዋ ውስጥ ሆና «እንቅልፋችን ነው» አለች በዐረብኛ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ተያዩ፤ ቀጥሎ የሳቁት ሳቅ ጎረቤት ጠራ።

ወዲያው ዝንጅብል የገባበት ቡና መጣ፤ አንገረቦችም ተከታትለው መጡ። አንዱ ሽማግሌ የግንብ አጥር ላይ ያለ ምልክት በባትሪ አሳዩዋቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ጥቁር አባይ ካርቱም ላይ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ሲደርስ ውሃው የቆመበት ነው። የቱቲ ሰው ጎርፍ በመጣ ቁጥር ተራ ገብቶ ሌሊት ሌሊት ዳርቻውን ይጠብቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ1946ቱ ጎርፍ ዘመን ጀምሮ ልምድ አላቸው። «አሁን ድንኳናችሁ ባለበት ያኔ ዓሣ ነበር» አሏቸው። ትንሹ ልጅ አዞ እንደነበር ጠየቀ፤ ሽማግሌው እሱን ላለማስቀየም «አንድ» አሉት።

ቤተሰቡ አንገረብ ላይ፣ ሰማይ ሥር አደረ። ድንኳኑ ውስጥ ያደሩት ድስቱ፣ የእንጀራው መሶብና የተነፋው ፍራሽ ናቸው።

ባልየው ግን እንደተሳካ ነው የሚቆጥረው። ፎቶዎቹን ለሁሉም ያሳያል፤ በየካቲት ሰበሎቃ ብሎ ተነሥቷል። በግንቦት ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሳይነሣ፣ ክረምቱም ሳይገባ መሄድ አለብን ይላል፤ እዚህ ላይ እውነት አለው፤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1988 ካርቱም ላይ በአንድ ቀን የወረደው 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በዓመት ከምታገኘው ይበልጥ ነበር። ሚስትየዋ እሺ ያለችው በሁለት ነገር ነው፦ ጎማው ይገዛል፣ ሁለት አንገረብም በአምጃዷ ጣሪያ ላይ ይጫናል። ድንኳኑ የሚሄደው ለዕቃ ቤትነት ነው።

ስለዚህ እታለም፣ በመተማ በኩል የሚመጣ የታመነ ሰው ካገኘሽ ሁለት አጎበር ላኪልኝ፤ ቀዳዳው ጠበብ ያለውን። የእማዬ በርበሬም እያለቀብኝ ነው። ግን በርበሬውንና አጎበሩን አንድ ፌስታል ውስጥ እንዳትከቺው፤ ሌሊት ሥሩ የሚተኙት ልጆች ናቸው።



ወንድምሽ
ከካርቱም ሁለት