ለሙታን አራሾች ውዳሴ

አዳም በፊቱ ወዝ ይኖር ዘንድ የተፈረደበትን ፍርድ፣ ነቢያትም ነገሥታትም ሊሽሩት ሳይቻላቸው የኖረውን፣ የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤቶች በ1996 (ዘመኑን በፈረንጆች እቈጥራለሁ) በአንድ ሕግ መሻራቸውን ሰምቶ የማይደነቅ ሰው ቢኖር፣ ያ ሰው ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ጀምበር የጠለቀችበት ቀን የለም ማለት ነው። አንድ መሬት ቀድሞ ሩዝ፣ ስንዴ፣ በቆሎ ወይም ጥጥ ተዘርቶበት በመዝገብ ከገባ፣ በዓመቱ ይታረስ አይታረስ፣ እሾህና አሜከላ ያብቅል ወይም ፈረስ ይጋጥበት፣ መንግሥት ሳይጠይቅ በየዓመቱ ለባለመብቱ ይከፍል ነበር። ክፍያው በሰባት ዓመት ውስጥ እያነሰ ሄዶ ይቀራል ተብሎ ነበር፤ ዳሩ ግን በ2002 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለው ጸጋ እንዳይቋረጥ አጸናው።

በዚያን ዘመን የጸጋውን ፍሬ በዓይኑ ሊያይ የሚሻ በቴክሳስ ወደ ዋርተን አውራጃ፣ ኤል ካምፖ ወደምትባለው ከተማ መውረድ ነበረበት። በዚያ የሩዝ ማሳ የነበረው ሜዳ ተሸንሽኖ ሰፊ ግቢ ለሚወዱ ሰዎች ተሽጦ ነበር፤ ሩዝንም ከገበታ ላይ በቀር አይቶ የማያውቀው የቤት ጌታ፣ መሬቱ በወጣትነቱ ስለ ደከመ፣ የጡረታውን ደመወዝ ይቀበልለት ነበር። ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ በ2006 አስልቶ እንዳስነበበው፣ ከ2000 ወዲህ ፈጽሞ ለማያርሱ ሰዎች የተከፈለው ቢያንስ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነበር። መሬቱን በጥሬ ገንዘብ የተከራየ ገበሬ ካለበትም ክፍያው ለገበሬው ስለሚገባ፣ ነገሩ የገባቸው ባለርስቶች ገበሬውን አሰናብተው ገንዘቡን ለራሳቸው አደረጉ። አልፈርድባቸውም፤ ገበሬ ያለበት እርሻ ወጪው ይበዛል።

ነገር ግን የሕያዋን ዕረፍት ምን ያስገርማል! የዚያው መንግሥት የሒሳብ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2007 እንደ ገለጸው፣ ከ1999 እስከ 2005 ባለው ጊዜ በ172,801 ሙታን ስም 1.1 ቢሊዮን ዶላር ተከፍሏል፤ ከዚህም ገንዘብ 40 በመቶው ከሞቱ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው፣ 19 በመቶው ደግሞ ሰባት ዓመት ለሞላቸውና ላለፋቸው ነው። በእኛ ዘንድ የሰባት ዓመት ተዝካር ሲደርስ ቤተ ዘመድ በሬውን ሸጦ ድግስ ይደግሳል፤ በዚያ ግን ድግሱን የሚደግሰው ሟቹ ራሱ ነው፣ በሬውም አይሸጥም፣ ካህንም አይጠራም።

ሕጉ ግን ከቶ ልል አይደለም። ድጎማ ተቀባይ በእርሻው ሥራ ወይም በጉልበቱ ወይም በአመራሩ ራሱ መሳተፍ አለበት ይላል። ጉልበትን ከመቃብር ማውጣት እንደሚያስቸግር አምናለሁ፤ አመራር የሚሉት ግን ረቂቅ ነገር በመሆኑ፣ በዐጸደ ነፍስ ሆኖ እንዳይካሄድ የሚከለክል አንዳች ምክንያት አይታየኝም፤ እንዲያውም ጠዋት የማይቈጣ፣ ማታ ሒሳብ የማይጠይቅ አለቃ የት ይገኛል? የሟች ውርስ ገና ሳይጣራ ክፍያው ሁለት ዓመት ቢቀጥል የተፈቀደ ነው፤ ከዚያ በኋላ መርምሩ የተባሉት የየአውራጃው ሹማምንት ግን፣ የሙታንን ዕረፍት ማወክ ነውር መሆኑን ተረድተው ይሁን ወይም መዝገቡ በዝቶባቸው፣ በብዙ ስፍራ ሳይመረምሩ አሳለፉ።

በ2014 ይህ ዐይነቱ ክፍያ ተሻረ። በምትኩ ዋጋ ሲወድቅ ወይም ገቢ ሲጐድል የሚከፈል ሌላ ድጎማ ተተካ፤ እርሱም ቢሆን የሚታሰበው ዘንድሮ በተዘራው ማሳ ሳይሆን በዚያው በጥንቱ መዝገብ በተጻፈው ነው። በ2018 ደግሞ በቤተ ሰብ እርሻ የወንድምና የእኅት ልጅ፣ የአጎትና የአክስት ልጅ ሁሉ እንደ ቤተ ሰብ እንዲቈጠር ተፈቀደ፤ በአመራር የሚሳተፍ የተባለውም እያንዳንዱ በየራሱ ያን ጊዜ በዓመት እስከ 125,000 ዶላር ሊያገኝ ይችል ነበር። ከመካከላቸው አርሶ የሚበላ የአጎት ልጅ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ቤተ ዘመዱ ሳይውል ሳያድር ተሰብስቦ ቢመክረው ይሻላል።