አትዝለለው!

መኪናው ውስጥ አራት ሰው ተሳፍሯል። ፍላሹ ተሰክቶ ሙላቱ አስታጥቄ አለፈ፤ ማሕሙድ አሕመድ ተከተለ፤ የፍላሹ ባለቤት ኮራ ብሎ ይነዳል። ድንገት የኬኒ ሮጀርስ ድምፅ ብቅ አለ። የሰውየው ጣት ከመሪው ተስፈንጥሮ ዘፈኑን ዘለለው። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው «የወንድሜ ነው እኮ» አለ።

ከኋላ ወንበር መልስ መጣለት፦ «ለወንድምህ ሰላም በልልን፤ ዘፈኑን ግን መልሰው!»

የዛሬው አምድ ለኋላ ወንበሩ ሰው ይወግናል። ብዙ ሰው ሁለት ዓይነት ሙዚቃ አለው፤ አንዱ እንግዳ ሲመጣ የሚከፈት፣ ሌላው በር ተዘግቶ የሚደመጥ። እንግዳ ሲመጣ ኢትዮ ጃዝ ነው፣ ትዝታ ነው፣ ጥላሁን ገሠሠ ነው። በር ሲዘጋ ግን ሸሚዝ እየተተኮሰ፣ ሽንኩርት እየተከተፈ የሚንጎራጎረው ሌላ ነው። የልቡ ምርጫ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሊቅ መጥራት አያስፈልግም። ታዲያ ሰው በሚወደው የሚያፍረው ለምንድን ነው? የሰው አፍ ፈርቶ። ይህን ፍርሃት አልወደውም፤ ፈራጆቹንም መልስ ሳልሰጥ አላልፋቸውም።

«የከብት እረኛ ዘፈን ለሐበሻ ምኑ ነው?» ይላል አንዱ፣ ካንትሪ በሰማ ቁጥር። ምኑ ነው? ፈረስ፣ ከብት፣ ርቃ የሄደች ፍቅረኛ፣ መንገድ መንገዱን የምታይ እናት! እስቲ እነዚህን ከወሎና ከጎጃም ዘፈን አውጣና የተረፈህን አሳየኝ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ኬኒ ሮጀርስን፣ ዶን ዊሊያምስን፣ ጂም ሪቭስን ወደው የሰሙት እንግሊዝኛ ለመለማመድ መሰለህ? ነገሩ ገብቷቸው ነው። እኛ ብቻም አይደለንም። የቴክሳስ ተወላጁ ዶን ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1997 ሐራሬ ድረስ መጥቶ ዘፍኗል፤ ኮንሰርቱም ተቀርጾ ለገበያ ወጥቷል። ወዳጄ፣ የሐራሬም የአዲስ አበባም ጆሮ ተሳስቶ ያንተ ብቻ ቀና ነው የምትል ከሆነ፣ ጆሮህን አስመርምር።

የዲስኮው ቡድን ቦኒ ኤም ሲነሳ ደግሞ ሌላው ብድግ ይላል፦ «እነሱማ የውሸት ናቸው፤ የወንዱን ድምፅ የዘፈነው ሌላ ሰው ነው።» ልክ ነው። ቦቢ ፋሬል መድረክ ላይ ሲውረገረግ በሸክላው ላይ የምንሰማው የወንድ ድምፅ የፕሮዲውሰሩ የፍራንክ ፋሪያን ነው። ይህን ካወቅህ ግን ቀሪውንም እወቅ። ዓለምን ያዳረሰው እ.ኤ.አ. የ1978ቱ «ሪቨርስ ኦፍ ባቢሎን» መጀመሪያ የሜሎዲያንስ ነበር፤ ጃማይካውያን ናቸው፣ ዘፈኑን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ግጥሙን የወሰዱት ከመዝሙረ ዳዊት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ136ኛው መዝሙር። ራስተፈሪያን አፄ ኃይለ ሥላሴን የሚጠሩባቸውን ስሞች ሳይቀር አስገብተውበት ነበር፤ ስሞቹን ከግጥሙ የሰረዛቸው ቦኒ ኤም ነው። ከባቢሎን ምርኮ ተነስቶ፣ በጃማይካ አድርጎ፣ የእኛን ቤተ መንግሥት ነክቶ የመጣን ዘፈን «የዳንስ ቤት ነው» ብለህ የምትደብቀው ከየትኛው እንግዳ ነው?

«የሕንድ ዘፈን ትወጃለሽ? ቋንቋውን ሳታውቂ?» ተብላ አንገቷን የደፋች ሴት አይቻለሁ። አጠገቧ የነበረች አክስቷ ግን አልተኛችም፦ «አንተ ልቅሶ ቤት ገብተህ የምታለቅሰው የአልቃሿን ግጥም ቃል በቃል ለቅመህ ነው?» አለችው። ሰውየው ዝም አለ፤ ዝም ማለትም ነበረበት። የሕንድ ፊልም ሊያይ ሲኒማ ቤት ተሰልፎ ገብቶ፣ የተጠፋፉ እናትና ልጅ ሲገናኙ አብሮ አንብቶ የወጣ ሰው፣ ቃሉ ባይገባው ዜማውን ይዞ ነው ቤቱ የገባው።

ከሁሉ የሚብሰኝ ግን በኦርጋን ላይ የሚወርደው ንቀት ነው። «ሙዚቃ ማለት ባንድ ነው፣ ሳክስፎን ነው፤ ኦርጋንና ድራም ማሽን ከመጡ ወዲህ ሙዚቃችን ሞተ» የሚል ሰው በየግብዣው አይጠፋም። ቁጭቱ ይገባኛል፤ የእነዚያ ትልልቅ ባንዶች የነፋስ መሣሪያ ድምፅ ዛሬም ልብ ይነካል። ግን በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ታውጆ የምሽት ክበቡ ሲቀዘቅዝ ሙዚቀኛው ምን ያድርግ? እጁ ላይ ባለው መሣሪያ ሠራ። ባይሠራ ይሻል ነበር የምትለኝ ካለህ ፊት ለፊት ንገረኝ።

ኃይሉ መርጊያን ተመልከት። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ሙዚቃ ሊያቀርብ አሜሪካ ሲሄድ አብሮ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩንና ድራም ማሽኑን ይዞ አንድ ካሴት ሠራ። ነፋስ መሣሪያ የለበትም፤ ከበሮ መቺም የለበትም፤ ምቱን የያዘው ማሽኑ ነው፣ በላዩ ላይ አኮርዲዮኑ የጥንቱን ዜማ እየጎተተ ይሄዳል። ከዚያ ዓመታት አለፉ። ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው የዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ እዚያው መኪናው ውስጥ ይለማመዳል። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንን የ1985 ሥራ ባሕር ዳር ላይ አገኘው፤ በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉም ስልሳን ካለፈ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ።

ዛሬ ያው «ኦርጋን ሙዚቃ ገደለ» ባይ ኃይሉን ስልኩ ላይ ጭኖ ይዞራል። «ምነው? ድራም ማሽን እኮ ነው!» ስትለው «ይሄማ ይለያል፤ ፈረንጆቹ ራሳቸው አደነቁት» ይልሃል። ወንድሜ፣ ማሽኑ ያው ነው። የተለወጠው አድናቂው ነው። ያንን ካሴት እስከዚያ ቀን ድረስ ሳይጥል ያቆየው የባሕር ዳር ሰው ከማንም ቀድሞ ይመሰገናል፤ የማንንም ምስክርነት አልጠበቀም።

የሚያሳፍር ሙዚቃ የለም እያልኩ አይደለም። ሴትን የሚያዋርድ፣ ጎረቤትን በጎረቤት ላይ የሚያነሳሳ ግጥም ምቱ ቢያምርም ያሳፍራል፣ ሊያሳፍርም ይገባል። በእሱ ላይ «ዝለለው» ብትለኝ አብሬህ እጄን እዘረጋለሁ። ሰርግ ላይ ያስጨፈረ ጉራግኛ ግን ማንን በደለ? በአንድ ክረምት ታውቃ የጠፋች ልጅ «ናፈቅከኝ» ብላ ብትዘፍን ማንን ሰደበች?

ነገሩ የጣዕም ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልደክምበትም። የምናፍርበትን ነገር ግን አንጠብቅም። ለታላላቆቹ ጠባቂ አለ፤ የፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ የድሮ ሥራዎችን በሲዲ እያሳተመ ለዓለም አድርሷል። የዚያች የአንድ ክረምት ዘፋኝ ካሴት ግን ያለው እናትህ ቁም ሳጥን ላይ፣ ካርቶን ውስጥ ነው። ርዕሱ በእስክርቢቶ ተጽፎበታል፤ አንዴ ቴፕ በልቶት ክሩ በፕላስተር ተቀጥሏል። የካሴት ክር ደግሞ ሙቀትና እርጥበት አይችልም፤ ይጣበቃል፣ ድምፁ የተቀረጸበት ሽፋን ይራገፋል። ሙዚቃ ቤቱ ከተዘጋና ዋናው ቅጂ ከጠፋ ቀሪው ያ ነው።

ስለዚህ የሚሠራ ቴፕ ከጎረቤትም ቢሆን ተዋስ። ክሩን በእስክርቢቶ አጠንጥነው፣ ወደ ስልክህ ወይም ወደ ኮምፒውተርህ ገልብጠው። የዘፋኟን ስም፣ የሙዚቃ ቤቱን ስምና ዓመተ ምሕረቱን አብረህ ጻፍ። ጊዜ የለኝም ካልክ ደግሞ ከምታፍርበት ጀምር፤ የሌሎቹ ቅጂ ሌላ ሰው ዘንድ አለ።