«ጋሼ፣ ሽንት ቤቱ ሞልቷል»

ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን ይረዳናል። ግቢው አንድ፣ ተከራዩ ብዙ፣ ሽንት ቤቱ ደግሞ አንድ ነው። ጠዋት ሁላችንም እኩል እንነሳለን፤ እኩል እንቸኩላለን፤ ያንኑ የቆርቆሮ በር እናንኳኳለን። ከውስጥ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ይሰማል፤ ሰው አለ ማለት ነው። ጋቢያችንን ተከናንበን በዚያ የጠዋት ቁር ደጅ እንጠናለን። ማታ ደግሞ መብራት የለም፣ ጅብ አለ፣ እናቶችና ሴቶች ልጆች እስኪነጋ ይዘው ያድራሉ።

ሐምሌ ሲገባ ይብሳል። ዝናቡ ሌት ተቀን ይወርዳል፣ መሬቱ ውሃ ጠግቧል፣ ጉድጓዱ ወደ ታች መስረጉን ትቶ ወደ ላይ ይመጣል። ለአከራያችን እንናገራለን። «ጋሼ፣ ሽንት ቤቱ ሞልቷል።» «እስቲ ክረምቱ ይውጣ።» ክረምቱ ይወጣል። «እስቲ መስቀል ይለፍ።» መስቀል ያልፋል። «እስቲ ጥምቀት ይለፍ።» ጥምቀትም አልፎ ጥር 25 የመርቆሬዎስ በዓል ይደርሳል፤ ከገጠር ፈረሰኛው፣ ከየከተማው እንግዳው ይጎርፋል፤ ያ የሞላ ጉድጓድ የእኛን ችሎ ሳይጨርስ የእንግዳው ይጨመርበታል።

በመጨረሻ መጣጩ መኪና ይጠራል። መኪናውን ለማግኘት ወረፋ ነው። ሲመጣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ አያስገባም። ቱቦው እንደምንም ከደረሰ ደግሞ ይደፈናል። ረዳቱ ረጅም እንጨት ይዞ ይቆሰቁሳል፤ ጨርቅ ይወጣል፣ ፌስታል ይወጣል፣ የዘይት ጀሪካን ክዳን ይወጣል፣ ምላጭ ይወጣል። ይህን ሁሉ የጣለው ከመካከላችን ነው፤ ማን እንደጣለው ግን የሚናገር የለም። ከዚያ የሒሳቡ ክርክር ይነሳል። አከራይ «የሞላችሁት እናንተ ናችሁ» ይላል፤ ተከራይ «ቤቱ የእርስዎ ነው» ይላል። ለመኪና የሚከፍለው ያጣ ወይም ያልፈለገ ደግሞ ጎርፍ በወረደ ሌሊት ጉድጓዱን ቀዶ ይለቀዋል። ከታች ያለው ሰፈር ሲነጋ ደጁ ላይ ያገኘዋል። ይህ በብዙ ከተሞቻችን የታወቀ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም ዝም እንላለን።

መኪናው ግን የት ይደፋዋል? ይህን አንጠይቅም። ከግቢያችን ይውጣልን እንጂ ወደ ገደል ይሂድ፣ ወደ ወንዝ ይሂድ፣ ግድ የለንም። የዚህ አገር ውሃ በርብና በጉማራ አድርጎ ጣና ይገባል። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እምቦጭ የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ዳርቻ ሲያለብስ፣ የሚመግበው ከማሳ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማም የሚወርድ ፍሳሽ ነው። ከዚያ ገበሬው ሥራውን ትቶ ውሃ ውስጥ ገብቶ እምቦጩን በእጁ ይነቅላል።

ከሁሉ የሚያንገበግበን ግን ሌላ ነው። የፋርጣ ድንች ማዳበሪያ ይፈልጋል፣ የጋይንት ገብስ ማዳበሪያ ይፈልጋል፣ የፎገራ ሩዝ ማዳበሪያ ይፈልጋል። ዩሪያው በውጭ ምንዛሬ ይገዛል፣ በመርከብ ጅቡቲ ይወርዳል፣ በከባድ መኪና ይጓዛል፣ ከዚያም ይዘገያል። በ2015 ዓ.ም. የዘር ወቅት ደርሶ ማዳበሪያው አልደርስ ሲል የክልላችን ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት ብለዋል። የከብቱ እበት እንዳይተካው ማገዶ የለምና ኩበት ሆኖ ይነዳል። ደጋው አፈር ደግሞ በየቦታው ኮምጥጧል፣ ኖራ ካልተጨመረበት ማዳበሪያውንም በቅጡ አይጠቀምበትም። ይህ ሁሉ እጥረት ባለበት አገር አንድ ሰው በዓመት 500 ሊትር ያህል ሽንት ይሸናል። ሽንት ከቤት ከሚወጣው ፍሳሽ በመጠን ከመቶ አንድ ያህል ቢሆን ነው፤ በፍሳሹ ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ግን ከመቶ 80 ገደማው፣ ከፎስፈረሱም ግማሽ ያህሉ ያለው በእሱ ውስጥ ነው። ገበሬው ለዩሪያ የሚከፍለው ለዚያው ናይትሮጅን ነው። የለመነውን ንጥረ ነገር እኛ ከፍለን እናስጥላለን።

አይቻልም እንዳይባል ተሞክሯል። አርባ ምንጭ ላይ ከ1999 እስከ 2002 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው የተሳተፈበት ሮዛ የተባለ ፕሮጀክት ሽንትን ከዓይነ ምድር የሚለዩ ደረቅ ሽንት ቤቶችን በየግቢው ሠርቶ፣ የወጣውንም ለማሳ አውሎ አሳይቷል። አዲስ አበባ የቃሊቲው ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተስፋፍቷል። ለእኛ ከተማ ያን ያህል አያስፈልግም። መኪናው ያመጣውን ዝቃጭ የሚያደርቅ የአሸዋ መደብና የመደፊያ ቦታ ይበቃን ነበር።

ባዮጋዙም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአማራ ክልል ለገበሬው ተሠርቷል። ብዙው ግን በእበት ብቻ ነው የሚሠራው፤ የሽንት ቤቱን መስመር ማገናኘት ሲመጣ ባለቤቱ ይሸሻል። «በዚያ እሳት የተሠራ ወጥ አልበላም» የሚለው ብዙ ነው። አንፈርድበትም፤ ነገር ግን ጋዙ ንጹሕ ነው፤ ይነዳል እንጂ ወጥ ውስጥ አይገባም። የእኛ ብርድም እንቅፋት ነው፤ ጋዙን የሚሠሩት ረቂቅ ሕዋሳት ሲበርዳቸው ሥራቸው ይዘገያል። እንጀራ መጋገር ደግሞ ብዙ ጋዝ ይበላል። ይህን ሁሉ እናውቃለን። ስለዚህ በደጋው ከባዮጋዝ ይልቅ መለየትና ማድረቅ ይቀላል ብለን እናምናለን።

ሲሠራ ግን በጥንቃቄ ይሠራ። ትኩሱን ጎመን ላይ መድፋት ወስፋት መዝራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ እንደ እኛ ባለ ብርዳማ አገር ዓይነ ምድሩ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ደርቆ እንዲቆይ ይመክራል። ሽንቱም ክዳኑ በደንብ በተዘጋ ጀሪካን ወራት ይቆያል፤ ክፍት ከተተወ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይሄዳል፣ የሚቀረው ሽታው ነው። በውሃ ቀጥኖ ሥሩ አጠገብ ይደፋል፣ ቅጠሉ ላይ አይረጭም። በደረቁ ላይ አመድ ይነሰነሳል። አመድ ሽታውን ያጠፋል፣ ዝንቡን ያርቃል፣ የኮመጠጠውንም አፈር ያለዝባል። አመድ ያልሞላበት ምድጃ በደቡብ ጎንደር የት ይገኛል? ዝንቡስ ቀላል ነገር ነው እንዴ? የዓይን ማዝ የሚያስተላልፈው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተተወ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ የዓይን ማዝ ደግሞ በአማራ ክልል ስንቱን ዓይነ ስውር አድርጓል።

እንግዲህ ልመናችን ይህ ነው። አዲስ ቤት የምትሠሩ አከራዮች፣ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ አትተዉት፤ ሁለት ጥልቀት የሌላቸው አድርጉት፣ አንዱ ሲሞላ ተዘግቶ ይረፍ። ተከራዮችም ፌስታሉንና ምላጩን ጉድጓድ ውስጥ አንጣል። የከተማው ሹማምንት ሌላ መጣጭ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው የሚደፋበትን መደብ ሥሩ። የግብርና ባለሙያዎችም የደረቀውን መርምራችሁ ለገበሬው በሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ አሳዩት፤ ድንቹን አይቶ ይወስናል። ሥራው በበጋ ካልተጀመረ ሐምሌ ሲመጣ ጉድጓዱ እንደገና ይሞላል።