ውሃ ስለ መክደን ከላስ ቬጋስ የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፣
እንጅባራ።



«ሐይቅ ገዛ» ተብሎ እስከ ዳንግላ መወራቱን ጽፈውልኛል። ሐይቅ አይደለም፤ የገዛነው ቤት ጓሮ ውስጥ አብሮ የመጣ መዋኛ ገንዳ ነው። ጥልቅ በሚባለው በኩል እንኳ ቁመቴን እምብዛም አያልፍም። ሐይቅ ማለት 166 ሜትር የሚጠልቀው ዘንገና ነው፤ ያውም ያለ ወርሃዊ ክፍያ።

ችግሬ ውሃው አልቀመጥ ማለቱ ነው። አገሩ በረሃ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው 100 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ይህን እንጅባራ ሐምሌን ሳታጋምስ ትጨርሰዋለች። አጠገባችን ያለው የሜድ ሐይቅ በየዓመቱ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ውሃ በትነት ይሄድበታል። ሐይቁ እየጎደለ የአካባቢውን ሹማምንት ሲያስፈራቸው፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2022 ጀምሮ አዲስ የሚቆፈር የመኖሪያ ቤት ገንዳ ከ56 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ደነገጉ። የእኛ ቀድሞ የተቆፈረ ስለሆነ ሕጉ አልነካንም፤ የውሃው ሂሳብ ግን ይነካናል። ሙቀቱንም ይዞ የሚሄደው በአብዛኛው ይኸው ትነት ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ገንዳ ቢከደን ከማሞቂያው ወጪ ከ50 እስከ 70 በመቶ ይተርፋል ይላል። አዎን ጋሼ፣ ውሃውን እናሞቀዋለን። እንጨቱን ማን ይለቅማል ብለው አይጨነቁ፤ በጋዝ ነው።

«በቀርከሃ ብትከድነውስ?» ያሉኝን ባለቤቴ ሰምታ ስትስቅ ዋለች። እኔ ግን አልሳቅሁም። በአውሮፓ ከፕላስቲክ ዘንጎች የተገጣጠመ፣ እየተዘረጋ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ፣ በሞተር ተመልሶ የሚጠቀለል መክደኛ አለ። የባንጃ ሰው ቢያየው የእኛ ሥራ ነው ብሎ ይከራከራል። ፈረንሳይማ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ፣ በግል ግቢ የተቆፈረ ገንዳ አጥር፣ ደወል፣ መክደኛ ወይም መጠለያ፣ ከአራቱ አንዱ እንዲኖረው አስገድዳለች።

ርካሹ አረፋ አረፋ ያለው ላስቲክ ነው። ትነትን ይከለክላል፤ ልጅ ቢረግጠው ግን አብሮ ይሰምጣል፣ ከላይም ይጠቀለልበታል። እዚህ አገር ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን በመግደል አንደኛው የውሃ ስጥመት ነው። የእኛው ጎረምሳ ደግሞ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በር መክፈት ችሏል። ስለዚህ ላስቲኩን ተውኩት።

የመረጥኩት በግራና በቀኝ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ጠንካራ ሸራ ነው። የአሜሪካ የደህንነት መለኪያ እንዲህ ያለው መክደኛ 220 ኪሎ፣ ማለትም ሁለት አዋቂና አንድ ልጅ፣ እንዲሸከም ያዛል፤ ልጅ ቢወጣበት ሮጠው የሚያነሱት ሰዎች አብረው እንዳይሰምጡ ነው። ስለ ፈረስም ጠይቄልዎታለሁ። ባለሙያው ትክ ብሎ አየኝና «ስንት ፈረስ አለህ?» አለ። የእርስዎ ዳማ ከነጌጡና ከነጋላቢው እንደማይሞከር ተረዳሁ።

ሸራው ቀጥ ባለ ሐዲድ እንጂ አይሄድም፤ የእኛ ገንዳ ደግሞ የኩላሊት ቅርጽ አለው። ገንዳው አራት ማዕዘን ቢሆን ሐዲዱ ከጠርዙ ሥር ተደብቆ ያምር ነበር። አሁን ግን ከላይ፣ ወለሉ ላይ ይዘረጋል፤ እንግዳም ያደናቅፋል። ማብሪያው ያለ ቁልፍ አይሠራም፤ ገንዳው ወለል ብሎ ከሚታይበት ቦታ ይተከላል፤ ሸራው ተዘርግቶ እስኪያልቅም እጅዎን አያነሱም። ውሃ ውስጥ ሰው እያለ እንዳይዘጋ ነው። ይህ ደስ ብሎኛል። ዝናብ ሲጥል ሸራው ላይ የተኛውን ውሃ የሚመጥጥ ትንሽ ፓምፕም አለው፤ እንጅባራ ቢሆን ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ አያገኝም ነበር።

ዋጋው ከ10 ሺህ ዶላር ያልፋል። እባክዎ ወደ ብር አይመንዝሩት። ሸራው ብቻውን ከ5 እስከ 10 ዓመት አገልግሎ ይቀየራል። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ለሚከድን ሰው ቅናሽ ይሰጣል፤ ከዋጋው ጎን ሲያስቀምጡት ግን ፈልገው አያገኙትም።

ለጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ለዳማ ጌጥ የሚሆን ልኬያለሁ። ለእናታችን «የልጅ ልጅሽ ውሃ እንዳይገባ ልጅሽ መክደኛ አስገጠመ» ይበሏት። ዋጋውን ከጠየቀችዎ ግን «ደብዳቤው ላይ የለም» ብለው ይሸፍኑልኝ።

ወንድምዎ