ለአንድ ጉድጓድ ሁለት ፈረስ

በግ ሲገዛ ላት የሚዳብሰውና አፍ ከፍቶ ጥርስ የሚቆጥረው የአዲስ አበባ አባወራ፣ ለሴፕቲክ ታንኩ ፓምፕ ሲገዛ ግን እምነቱን ብቻ ሰንቆ ወደ መርካቶ ይወርዳል። የቀድሞው ፓምፕ ተቃጥሏል። በምን ተቃጠለ ብሎ የመረመረ የለም፤ ምርመራ ሟችን መውቀስ ይመስላል። ሱቁ ደጃፍ ሲደርስ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንት ፈረስ ነው?»

ጥያቄው ግሩም ነው። ጉድጓዱ ምን ያህል ይጠልቃል፣ ፍሳሹ ስንት ሜትር ሽቅብ ይወጣል፣ ቧንቧው የት ድረስ ይሄዳል፣ ውስጡስ ምን አለ ከሚሉ አድካሚ ነገሮች ሁሉ ባንድ አፍ ይገላግላል። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት መሆኑን ማወቅም አያሻም። ዋናው ከጎረቤት አለማነስ ነው። ጎረቤት ባለ አንድ ፈረስ ከጣለ፣ ባለ ሁለት መጣል የግቢው ክብር ነው።

ነገሩን በቁጥር ላስላው የሚል ምቀኛ ቢገኝ እንዲህ ይላል። አብዛኛው የከተማው ጉድጓድ የሚራገፈው በመጣጭ መኪና ነው፤ ፓምፕ የሚያስፈልገው ግቢው ከአስፋልቱ በታች ወርዶ፣ ፍሳሹን ሽቅብ ገፍቶ ከዋናው መስመር ጋር ማገናኘት ለሚኖርበት ቤት ነው። በዚህ ቤት አራት ሰው ይኑር። እያንዳንዱ በቀን 100 ሊትር ውሃ ይጠቀም፤ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ግምት ቸርነት ነው። ድምሩ 400 ሊትር ነው። በሴኮንድ 2 ሊትር የሚገፋ መለስተኛ ፓምፕ ይህን በአራት ደቂቃ ውስጥ ጨርሶ ያርፋል። ሁለቱ ፈረሶች ግን ጠባቡን ጉድጓድ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጡትና ይቆማሉ፤ ትንሽ ሲጠራቀም እንደገና ይነሣሉ፤ እንደገና ይቆማሉ። ሞተር በተነሣ ቁጥር ለቅጽበት ከወትሮው አምስትና ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ጠመዝማዛውን ሽቦ የሚያነደውም ይኸው መነሣት መውደቅ ነው። ባለቤቱ ግን «ጉልበት አንሶት ነው» ብሎ ይደመድምና በሚቀጥለው ዓመት ሦስት ፈረስ ይጠይቃል።

ከፈረሱ ቀጥሎ የሚነበበው፣ መነበቡም እንደ ሊቅነት የሚያስቆጥረው፣ በፓምፑ ሆድ ላይ የተለጠፈው ሳህን ነው። «ከፍተኛ ከፍታ 20 ሜትር፣ ከፍተኛ መጠን በደቂቃ 300 ሊትር» ይላል። ሻጩ ጣቱን ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው እያሻገረ «ጋሼ፣ ሃያ ሜትር ላይ ሦስት መቶ ሊትር ያወጣልዎታል» ይላል። ጋሼም ያምናሉ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ቧንቧ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። 20 ሜትር ማለት ፓምፑ ውሃውን እዚያ አድርሶ አንዲት ጠብታ ማፍሰስ የሚያቅተው ከፍታ ነው፤ 300 ሊትር ደግሞ ምንም ሽቅብ ሳይገፋ፣ አፉ ክፍት ሆኖ ሲፈስ የሚሰጠው ነው። እውነተኛው ሥራ በሁለቱ መካከል በሚወርደው መስመር ላይ ነው፤ መስመሩም በመመሪያው ወረቀት ላይ ተስሏል። ወረቀቱ ግን ከካርቶኑ ጋር ሱቅ ቀርቷል፤ ሻጩ ለሌላ ደንበኛ ምስማር ይጠቀልልበታል።

ቧንቧውን በተመለከተ ያለው ቁጠባማ ያስቀናል። ፓምፑ ሁለት ኢንች መውጫ ይዞ መጥቷል፤ ግቢው ውስጥ የተረፈው ደግሞ አንድ ኢንች ነው። መሸጋገሪያ ይገዛል፣ ይጠበባል፣ ያልቃል። አራት ሜትር ጥልቀት ላለው ጉድጓድ፣ መንገዱ ከግቢው ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ቧንቧው 40 ሜትር ቢሄድ፣ በሁለት ኢንች በሴኮንድ 2 ሊትር ለመግፋት ከሰባቱ ሜትር ሽቅብ በተጨማሪ ለሰበቃው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይበቃል። ቧንቧው በግማሽ ሲጠብ ያው መጠን የሚገጥመው ሰበቃ ወደ ሠላሳ እጥፍ ያድጋል። ስምንት ሜትር ተኩል ይበቃው የነበረ ጉድጓድ በአንዲት መሸጋገሪያ ምክንያት ከአንድ ባለ አሥራ አምስት ፎቅ ሕንፃ ጋር ይወዳደራል። ከቧንቧው የተረፈው ብር ግን በእጅ የሚቆጠር፣ የሚታይ ብር ነው!

ኦሪጅናልነትን የሚለዩ ጠቢባንም አሉ። አንዱ ፓምፑን ብድግ አድርጎ በክብደቱ ይፈርዳል። ሌላው ሰማያዊውን ቀለም በጥፍሩ ይፍቃል። ሦስተኛው «ጣሊያን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም ጣሊያን ነው ይላል፤ ጉዳዩ ተዘጋ። ቬሮና አጠገብ ሳን ቦኒፋቾ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የፓምፕ አምራች ፔድሮሎ ስሙንና መልኩን ከሚቀዱ አስመሳዮች ጋር ሲታገል ነው የኖረው፤ የእኛ አባወራ ግን ያን ትግል በጥፍሩ ይፈታዋል። ሽቦው መዳብ ይሁን መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም፣ በሞተሩና በፍሳሹ መካከል ያለው ማኅተም አንድ ይሁን ሁለት፣ መለዋወጫው እዚሁ ከተማ ይገኝ አይገኝ የሚል ጥያቄ አይነሣም። ዋስትናስ? አለ፤ ሙሉ አንድ ዓመት፣ ከመቃጠል በስተቀር ለሁሉም ነገር።

አሁን ወደ ጉድጓዱ ይዘት እንግባ፤ በብዕር ስለሆነ አይሸትም። በሻጩ መደርደሪያ ላይ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ፓምፕ አለ። አንደኛው ለንጹህ ወይም ለድፍርስ ውሃ ነው፤ ገፊ ክንፉ ከግድግዳው ጋር ተጠጋግቶ ስለተሠራ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ነገር አያሳልፍም። ሁለተኛው የፍሳሽ ነው፤ ክንፉ ወደኋላ ሸሽቶ አዙሪት ብቻ ይፈጥራል፣ 40 እና 50 ሚሊ ሜትር የሚያህል ጠጣር ሳይነካው ያልፋል። ይኸኛው ለተመሳሳይ ሥራ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ዋጋውም ይከብዳል። ስለዚህ የሚገዛው የመጀመሪያው ነው፤ ያብረቀርቃልም። ሶፍት፣ ሞዴስ፣ የሕፃን ዳይፐርና ፀጉር በአንድነት ሲቀበሉት ቆሞ ያለቅሳል፣ ይሞቃል፣ ይሸታል። ከሞተ በኋላ «የዘንድሮ ዕቃ» ተብሎ ይሰደባል።

አሜሪካ ዘመድ ያለው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ቨርጂኒያ ያለችው እህት ከሕፃናቱ ጫማና ከቫይታሚኑ ጋር ፓምፕ በሻንጣ ትልካለች። እቃው አይታማም፤ ለተሠራበት አገር እንከን የለሽ ነው። ያ አገር ግን 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ይጠቀማል፤ እዚህ ያለው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ጥድፊያ ያለበት ቤት እንዳለ ይሰካዋል፤ ሥነ ሥርዓቱ በሴኮንዶች ያልቃል። ጠንቃቃው ትራንስፎርመር ይገዛል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካም፤ ሞተሩ ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ወርዶ፣ እየጋለም ይሽከረከራል። ከፍታው በፍጥነቱ ካሬ ስለሚቀንስ፣ የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ላይ 10 ሜትር ይገፋ የነበረው ፓምፕ ጎፋ ላይ ሰባት ሜትር አካባቢ ሲደርስ ይደክመዋል። ጉድጓዳችን የሚፈልገው ስምንት ተኩል ነበር። ድምፅ አለ፣ ንዝረት አለ፣ የአሜሪካ ዕቃ ግርማ አለ፤ የሚወጣ ነገር ብቻ የለም።

ገጠማው ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ውሃው ሲወርድ ሞተሩን የሚያጠፋው ፍሎተር «ያስቸግራል» ተብሎ በገመድ ይታሰራል፤ ማጥፋቱ ለዘበኛው ይሰጣል፤ ዘበኛው እንቅልፍ አለበት። የጠላቂ ፓምፕ ሞተር የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ፈሳሽ ስለሆነ፣ ሌሊቱን በደረቅ ጉድጓድ ሲሽከረከር ያድርና ጠዋት ዝም ይላል። የወጣው ፍሳሽ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ ትርፍ ወጪ ነው። ያፈተለከ ኤሌክትሪክን የሚከላከለው ብሬከር፣ ያ በ30 ሚሊ አምፔር ቆርጦ ሰው የሚያድነው፣ «ዝም ብሎ ይዘላል» ተብሎ ተነቅሏል። ፓምፑ ደግሞ በኤሌክትሪክ ገመዱ ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ ገመዱ ከመግቢያው ትንሽ ሲላቀቅ ውሃው መንገድ ያገኛል።

ሰንሰለት ቢኖር ፓምፑ ከላይ ሆኖ ይጎተት ነበር። ስለሌለ ሰው ይወርዳል። ጉድጓድ ውስጥ የሚተኛው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር ይከብዳል፤ መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፣ ከሚሊዮን 100 እጅ አካባቢ ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። የቀን ሠራተኛው ሽታው ሲጠፋበት አየሩ የጸዳ ይመስለዋል። ሲወድቅ ጓደኛው ሊያነሣው ይወርዳል፤ ሁለተኛውም እዚያው ይቀራል። ለዚህ ክፍል ሽሙጥ አልተገኘለትም።

የቀረው፣ ይህ ሁሉ የተገዛና የተገጠመ ኃይል ፍሳሹን የት ያደርሳል የሚለው ነው። ከዋናው መስመር ጋር ለመገናኘት ማመልከቻ አለ፣ ክፍያ አለ፣ ቀጠሮ አለ። የክረምት ሌሊት ግን ቀጠሮ አይጠይቅም። ዝናቡ ሲበረታ በየግቢው ፓምፖች ባንድነት ይነሣሉ፤ ጉድጓዱ ወደ ጎርፍ መውረጃው ቦይ ይራገፋል፤ ቦዩ ወደ ወንዝ፣ ወንዙ ወደ አቃቂ ይሄዳል። በአቃቂና በገባሮቹ ዳር ሰላጣና ቆስጣ ይለማል፤ ገበያ ይወጣል፤ ያው አባወራ ዘንድ በፆም በያይነቱ ሆኖ ይቀርባል። የከተማው አስተዳደር በ2017 ዓ.ም የወንዝ ብክለትን የሚቀጣ ደንብ አውጥቷል። ደንቡ ከወጣ ወዲህ ፓምፖቹ ጨዋ ሆነዋል፤ ዝናቡ ድምፃቸውን እስኪውጠው ይጠብቃሉ።

ቦዩ ደግሞ ሁልጊዜ ወንዝ አይደርስም። በቆሻሻ ሲደፈን ከታች ያለውን ግቢ ያጥለቀልቃል። የታችኛው ግቢ ባለቤት ሽታው ቀስቅሶት ይነሣል፣ ሰሌኑን ይጎትታል፣ ይራገማል፤ ጠዋት ቡትስ ጫማውን እንዳደረገ መርካቶ ይወርድና ሱቁ ደጃፍ ይቆማል።

«ያ ከላይ ያለው ሰውዬ ስንት ፈረስ ነው የገዛው?»

«ሁለት ጋሼ።»

«ለእኔ ሦስት አምጣ።»